የአህያዋ መጽሐፍ አስተማሪ፣ ወይዘሮ ወርቅዬ አስረስ (1930–1982 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ወርቅዬ አስረስ ጥቅምት 12 ቀን 1930 ዓ.ም. በምንጃር፣ ከአረርቲ ብዙም በማትርቅ መንደር፣ ከአባታቸው ከአቶ አስረስ ገብረየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ኃይሌ ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ እናታቸው ታመው ስላረፉ፣ ሕፃኗን አያታቸው አስቀሯት፤ ወርቅዬን ደግሞ አዲስ አበባ የሚኖሩት አክስታቸው ወይዘሮ በቀለች ኃይሌ በ1939 ዓ.ም. ይዘዋቸው መጡ። እህትማማቾቹ ዳግመኛ የተያዩት አድገው፣ ሁለቱም ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ በኋላ ነው።

አክስታቸው ይኖሩበት የነበረው መካኒሳ ያን ጊዜ እዚህም እዚያም የተበተኑ ቤቶች፣ ባሕር ዛፍና የእርሻ ማሳ ነበር። ወይዘሮ በቀለች ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በማለዳ ገበያ ወጥተው ሲመሽ የሚመለሱ ነጋዴ ስለነበሩ ከልጅ ጋር የሚያወሩበት ጊዜ አልነበራቸውም። የራሳቸው ልጆች አድገው ወጥተዋል። ወርቅዬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር የሚከፍትላቸው ሰው አልነበረም። በአጥሩ ቀዳዳ መንገደኛውን እያዩ፣ ይህ ወዴት ይሄድ ይሆን፣ ያቺስ ምን ተሸክማ ይሆን እያሉ ለራሳቸው ታሪክ ይፈጥሩ እንደነበር ኋላ ላይ ለእህታቸው ልጅ አጫውተዋታል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውም እሷ ናት።

ትምህርታቸውን በአካባቢው በነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከታትለው በ1948 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ከዚያ በላይ ለመቀጠል ፍላጎቱም ችሎታውም ነበራቸው፤ አክስታቸው ግን ታመሙና ቤት የሚይዝ ሰው ስላስፈለገ ቀሩ። በዚያው ጊዜ ልብስ መስፋት ተማሩ።

በ1949 ዓ.ም. ከአቶ እንግዳ ወንድይራድ ጋር ትዳር መሠረቱ። አቶ እንግዳ በአሰብ መስመር ተሳቢ የሚነዱ ሹፌር ነበሩ። በወር ውስጥ ቤት የሚያድሩባቸው ቀናት ጥቂት ቢሆኑም፣ ሲመጡ ቤቱን የሚሞሉ፣ ተጫዋች፣ ቀልደኛ ሰው እንደነበሩ ያወቋቸው ሁሉ ይናገራሉ። በ1951 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ስሟንም ኤሌኒ አሏት።

ኤሌኒ አራት ዓመት ሲሞላት አባቷ ከአሰብ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይዘውላት መጡ። ከወደብ አካባቢ ካለ ሱቅ የገዙት ነው። ጽሑፉ ላቲን ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊደሎቹ ራስ ላይ ነጥብ፣ ከእግራቸው ሥር ጭራ የመሰለ ነገር አለባቸው። እንግሊዝኛ አለመሆኑን ስምንተኛ ክፍል የደረሱት እናት ወዲያው አወቁ፤ ምን ቋንቋ እንደሆነ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው የነገራቸው የለም። ሥዕሉ ግን ለማንም ግልጽ ነው። አንዲት ግራጫ አህያ ሽንኩርት፣ ዱባ፣ እንቁላል የሞላ ቅርጫት፣ የሸክላ ድስት፣ ብርድ ልብስና ደወል ተጭና ትሄዳለች። በየገጹ አንድ ነገር ይወድቅባታል፤ እሷ ግን አታውቅም። የወደቀውን ሁሉ አንድ እንስሳ ያገኘዋል። በመጨረሻው ገጽ አህያዋ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ከአንድ ቤት ትደርሳለች። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ከኋላ፣ ከኮረብታው ላይ፣ እንስሳቱ ዕቃውን ተሸክመው ሲመጡ በሩቁ ይታያሉ።

ታሪኩን ሦስቱም እየተጋገዙ ፈጠሩት። አቶ እንግዳ አህያዋ እንደሳቸው ከአሰብ የምትመጣ ሹፌር ናት ብለው ወሰኑ። ኤሌኒም አንድ ቀን፣ «ለምን ወደ ኋላ አታይም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«መስታወት የላትማ» አሏት። «መኪና ቢሆን ኖሮ በጎን ታይ ነበር።»

«እና ማን ይንገራት?»

«ቤት ስትደርስ ይነግሯታል።»

ኤሌኒ ከሁሉም የምትወደው የዱባውን ገጽ ነበር። አንድ ጊዜ እጇን ቅቤ ሲቀቧት አምልጣ ሄዳ ያንን ገጽ ነካችው፤ የአውራ ጣቷ ምልክት እዚያው ቀረ። የመጽሐፉን አንድ ጥግ ደግሞ በጥርሷ ነክሳዋለች።

በ1957 ዓ.ም. ኤሌኒ በስድስት ዓመቷ በኩፍኝ በሽታ አረፈች። አባቷ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበሩ። ሲደርሱ ተቀብራለች።

ከዚህ በኋላ ባለው ጊዜ በባልና ሚስቱ መካከል ጠብ አልነበረም፤ ክፉ ቃልም አልተነጋገሩም። የልጅቷን ስም የሚጠራ ግን ጠፋ። እሳቸው ባላቸውን እንዳያሳዝኑ ብለው ዝም አሉ፤ ባልየውም እሳቸውን እንዳያስለቅሱ ብለው ዝም አሉ። ሐዘኑ በአንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ አስቀመጣቸው። አቶ እንግዳ ከመንገድ ሲመለሱ የሚያድሩባቸው ቀናት እያነሱ ሄደው በ1959 ዓ.ም. አሰብ ላይ ቤት ተከራይተው እዚያው ቀሩ። ፍቺ አልፈጸሙም። ወይዘሮ ወርቅዬም ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ፣ «ሥራው እዚያ ነው» ከማለት ሌላ አንድም ቀን አማርረው አያውቁም።

አክስታቸውም በዚያው ዓመት አረፉ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ወርቅዬ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥረው የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። ጎረቤት ይወዳቸዋል፤ ለቅሶም ሰርግም አይቀሩም። ግን ከሰው ቤት ተነስተው የሚሄዱት ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድመው ነበር። የሚጠብቃቸው ሰው ስለሌለ የሚያስቸኩላቸው ነገር አይታወቅም። እህታቸው አንድ ጊዜ ይህንኑ ቢጠይቋቸው፣ ልጆች እናታቸው ጭን ላይ እንቅልፍ የሚወስዳቸውን ሰዓት ማየት እንደማይችሉ ነገሯቸው። መጽሐፉም ከኤሌኒ ልብሶች ጋር ሣጥን ውስጥ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ቀበሌያቸው በአንድ የተወረሰ ቪላ ውስጥ አፀደ ሕፃናት ለመክፈት ሲነሳ፣ የተማሩና ጠባየ መልካም የሆኑ ሴቶች ተፈለጉ። የሴቶች ማኅበሩ ወይዘሮ ወርቅዬን ጠቆመ። እሳቸው በመጀመሪያ እምቢ አሉ። ምክንያት አልሰጡም፤ ምክንያቱን ያወቁት ጥቂት አሮጌ ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ሰብሳቢዋ ግን ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ «እናቶቹ ፋብሪካ ገብተዋል፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ናቸው። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከመኪና ጋር ነው የምትውይው» አሏቸው። የስፌት መኪናውን ማለታቸው ነው። ወይዘሮ ወርቅዬ በማግስቱ ሄደው ተመዘገቡ። ለአፀደ ሕፃናት አስተማሪዎች የተዘጋጀውን የሦስት ወር ሥልጠና በጥሩ ውጤት አጠናቀው ሥራ ጀመሩ።

ቪላው ሰፊ ነበር፤ ዕቃ ግን አልነበረውም። ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተለጠፉ መፈክሮች ነበሩ። ስድሳ የሚሆኑ ሕፃናት ተመዘገቡ። በሥልጠናው ላይ ሕፃን ልጅ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ነው የሚማረው ተብለው ነበር፤ የሚያዩትና የሚነኩት ግን ምንም የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሕፃናቱ አለቀሱ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ተደባደቡ። በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ወርቅዬ ሣጥኑን ከፈቱ።

ያን ቀን ጠዋት መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ሲገቡ ያዩዋቸው የክፍሉ ረዳት ወይዘሮ ገዲሴ ቱሉ ናቸው። ወይዘሮ ገዲሴ የመካኒሳ ተወላጅ፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ሕፃናቱን የሚያበሉና የሚያጥቡ ሴት ነበሩ። መጽሐፉን ሲያዩ የአፀደ ሕፃናቱ ንብረት መሰላቸውና፣ «ዕቃ መጣልን እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ወርቅዬ፣ «መጣልን» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ክፍል ትምህርት በሙሉ ከዚያ መጽሐፍ ይወጣ ነበር። አንድ ገጽ ለአንድ ሳምንት ነው። ሰኞ ሕፃናቱ ሥዕሉን ዝም ብለው ያያሉ፤ መናገር ክልክል ነው። ማክሰኞ ያዩትን ይናገራሉ። ቀሪዎቹ ቀናት የሥራ ናቸው። በሽንኩርቱ ሳምንት ወይዘሮ ገዲሴ ከጓሯቸው ሽንኩርትና ድንች ያመጣሉ፤ ልጆቹ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ ይለያሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነውም በማሽተት ይለያሉ። በድስቱ ሳምንት ወንዝ ወርደው ጭቃ አምጥተው ድስት ይሠራሉ፤ ድስቱ ሁሉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለምን እንደተሰነጠቀ ይነጋገራሉ። በብርድ ልብሱ ሳምንት አራት ጥግ ምን እንደሆነ ይማራሉ፤ በአራት ልጅ ተይዞ ይታጠፋል። በደወሉ ሳምንት ባለሱቁ አቶ ኑሪ ከድር የብስክሌታቸውን ደወል ፈትተው ያውሱ ነበር። የዱባው ፍሬ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ተተክሎ፣ ሐረጉ የሽንት ቤቱን ጣሪያ አልፎ ጎረቤት ግቢ ገብቶ እንደነበር የዚያን ጊዜ ወላጆች ያስታውሳሉ።

በየወሩ መጨረሻ ታሪኩ በግቢው ውስጥ ይሠራል። ወይዘሮ ገዲሴ አህያ ይሆናሉ። በጉልበታቸው እየዳኹ፣ ጀርባቸው ላይ የተጫነውን እያንጠባጠቡ ይሄዳሉ። ሕፃናቱ እንደ ዶሮ፣ እንደ ፍየል፣ እንደ ጦጣ ሆነው ያነሳሉ። ወይዘሮ ገዲሴ ወደ ኋላ ዞረው ማየት አይፈቀድላቸውም። አንድ ቀን ቢዞሩ፣ «እትዬ ገዲሴ፣ መስታወት የለሽም!» ብለው ልጆቹ ጮኹባቸው። ይህን ያስተማሯቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ነበሩ።

በቅባት የታተመችውን የአውራ ጣት ምልክት ሕፃናቱ ሁሉ ማየት ይወዱ ነበር። የራሳቸውን ጣት ያስቀምጡባታል። ምንድነች ብለው ሲጠይቁ፣ «ከእናንተ በፊት ያነበበ ሰው ነው» ይሏቸዋል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት የጠየቀቻቸው የአቶ ኑሪ ልጅ ሙፊዳ ነች።

«እትዬ፣ በር ላይ የቆመችው ልጅ ስሟ ማነው?»

ወይዘሮ ወርቅዬ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ስም የላትም። እናንተ አውጡላት» አሉ።

ሙፊዳ እቤት አዲስ ሕፃን ተወልዶላቸው ስለነበር «ዙሌካ ትባል» አለች፤ ክፍሉም ተስማማ። ያን ዓመት ልጅቷ ዙሌካ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ጫልቱ ተባለች፤ ከዚያም አብዮት፤ ከዚያም ሰብለ የምትባል ልጅ ስሟን አበደረቻት። ስም የማውጣቱ ሥርዓት የትምህርቱ አንድ ክፍል ሆነ፤ ልጆቹ በየተራ እየቆሙ ይከራከራሉ፣ እጅ እያወጡ ይመርጣሉ። ሊጎበኙ የመጡ የትምህርት ባለሙያዎችም ይህን አይተው አመስግነዋቸዋል። ወይዘሮ ወርቅዬ ግን በዚያ ምርጫ ላይ አንድም ቀን ስም ሰጥተው አያውቁም።

በ1975 ዓ.ም. ወደ ቀበሌው አዲስ ኃላፊ ተመድበው መጡ። የማስተማሪያ ዕቃዎችን ሲመለከቱ መጽሐፉን አነሱ፤ ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

«ጓድ ወርቅዬ፣ ይህ የማን ፊደል ነው?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«የሚለውን ሳያውቁ ነው ለሕፃናት የሚያነቡት?»

«ፊደሉን አናነበውም። ሥዕሉን ነው የምናነበው።»

«ሥዕሉስ ምን ይላል?»

ከፊት አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ቀደማቸውና፣ «አህያዋ ዕቃዋ እየወደቀባት ነው፤ አልነገሯትም» አለ። ኃላፊው ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህም የተጻፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን የማይታወቅ ጽሑፍ በመንግሥት ክፍል ውስጥ መኖሩ ያስጠይቀኛል ብለው ፈሩ። «ለማጣራት ያህል ነው፤ ይመለስልዎታል» ብለው ይዘውት ሄዱ።

መጽሐፉ አልተመለሰም። ወይዘሮ ወርቅዬ በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ ቢሮ እየሄዱ ጠየቁ። ወደ በላይ አካል ተልኳል ተባሉ። የበላይ አካሉ ጋ ሄዱ፤ አልደረሰንም ተባሉ። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የተተኩት ስለ መጽሐፍ የሚያውቁት ነገር አልነበራቸውም። ክረምት ሲገባ መጠየቃቸውን ተዉ።

በዚያን ሰሞን አንድ ቀን፣ ሕፃናቱ ሁሉ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ ወይዘሮ ገዲሴ ክፍሉን ሊጠርጉ ሲገቡ ወይዘሮ ወርቅዬን በልጆቹ አጭር ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። አብረዋቸው ከሠሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

«እትዬ ወርቅዬ፣ ሌላ መጽሐፍ ይገዛል እኮ» አሏቸው።

«ልጅ ነበረችኝ፣ ገዲሴ።»

ወይዘሮ ገዲሴ መጥረጊያውን አስቀመጡ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጅ ወልደው እንደማያውቁ ነበር የሚያስቡት። «ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ።

«ስድስት» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ። ቀጥለውም፣ «ያቺ በዱባው ላይ ያለችው ጣት የሷ ናት» አሉ። ወይዘሮ ገዲሴም አጠገባቸው ባለው አጭር ወንበር ላይ ተቀመጡና ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረዋቸው ቆዩ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ነባሮቹ ሕፃናት መጽሐፉን ፈለጉ። ወይዘሮ ወርቅዬ፣ «ለሰው አውሰነው ጠፋብን» አሏቸው። ከዚያም እያንዳንዱ ልጅ የሚያስታውሰውን እንዲሥል አደረጉ። አቶ ኑሪ የስኳር ከረጢት፣ ግንበኛ የሆኑ አባቶች ደግሞ የሲሚንቶ ከረጢት አመጡ። ወረቀቱ ተራግፎ፣ ተቆርጦ፣ በስፌት ክር ተሰፋ። ለጥቁር ከሰል፣ ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ ቀይ ሥር፣ ለሰማያዊ ነጭ ልብስ የሚነከርበትን ዱቄት ተጠቀሙ። ቁመቱ የአንድ ሕፃን ልጅ ቁመት የሚያህል መጽሐፍ ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አህያዋ በመካኒሳ ድልድይ ላይ ታልፋለች፤ ፍየሏ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ የደወሉን ገጽ የሣለው ልጅ ደግሞ አቶ ኑሪን ከነብስክሌታቸው አስገብቷቸዋል። ከሌሎች ቀበሌዎች አስተማሪዎች መጥተው አይተው፣ የራሳቸውን ለመሥራት ዘዴውን ተምረው ሄደዋል።

ለዚህ ሥራቸው በ1977 ዓ.ም. የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። በዕለቱ ንግግር ያደረጉ ሰው፣ የጠፋው በተሻለ ተተክቷል ብለው ተናገሩ። ወይዘሮ ወርቅዬ እጅ ነስተው ወረቀቱን ተቀበሉ። እቤታቸው ሲደርሱ ግን ለእህታቸው ልጅ፣ «ክፍሉ መጽሐፍ አግኝቷል። እኔ አላገኘሁም» አሏት።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አቶ እንግዳ ወንድይራድ ሳይታሰብ ከአሰብ መጡ። የመጽሐፉን መጥፋት ከአንድ የሰፈር ሹፌር ሰምተው ኖሮ ወደቡን ሁሉ ሲያስሱ ከርመዋል። በጋዜጣ የተጠቀለለ የሥዕል መጽሐፍ ይዘዋል። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል። ወይዘሮ ወርቅዬ በር ከፍተው ሲያዩዋቸው፣ ሃያ ዓመት ያህል ያልነበረ ሰው ሳይሆን ጠዋት የወጣ ሰው የመጣ ይመስል፣ «ግባ» አሏቸው።

«ያንን አጣሁት» አሉ አቶ እንግዳ። «ያ ሱቅም የለም።»

«ይሄስ?»

«መርከብ ነው።»

ወይዘሮ ወርቅዬ ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት። «ኤሌኒ መርከብ አትወድም ነበር» አሉ።

በመካከላቸው ስሟ ሲጠራ ልጅቷ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አቶ እንግዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «አትወድም ነበር» አሉ። «ዱባውን ነው የምትወደው።» ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሳያቋርጡ አወሩ። ምን ትበላ እንደነበር፣ እንዴት እንደምትሮጥ፣ የአባቷን መኪና ድምፅ ከየት ጀምራ እንደምትለይ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው እያስታወሰ አወሩ። እህታቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ያን ቀን እዚያው ነበሩ፤ እህቴን እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም ይላሉ።

አቶ እንግዳ ሊሄዱ ሲሉ፣ «ነይ አሰብ እንኑር» አሏቸው።

«ልጆቹን ለማን ትቼ?»

«የሰው ልጆች ናቸው እኮ፣ ወርቅዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ግን አልሄዱም። አቶ እንግዳም አሰብ ያለውን ሥራቸውን ትተው ለመቅረት አልቻሉም። ምናልባትም ሁለቱም ብቻቸውን መኖርን ከለመዱት በኋላ ሌላ ኑሮ ከብዷቸው ይሆናል። ወይዘሮ ወርቅዬ እስከ መኪናው ድረስ ሸኟቸው፤ ተሳቢው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለፋሲካ ሰው ይላላካሉ።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ አንድ ነገር መናገር ይወዳል። በዛሬው ዕለት ብዙ አስተዛዛኞች ወይዘሮ ወርቅዬ ከአብራካቸው የተረፈ ልጅ ባይኖራቸውም ያስተማሯቸው ሁሉ ልጆቻቸው ናቸው በማለት ሊያጽናኑን ይሞክራሉ። ቅን ንግግር ነው። እሳቸው ግን ይህን ንግግር አይወዱም ነበር። በሕይወት ሳሉ እንዲህ ላሏቸው ሁሉ፣ «የሰው ልጆች ናቸው። ማታ ማታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ» ብለው ይመልሱ ነበር። አንድም ልጅ እናቱ ሳትመጣ ቀርታ ብቻውን በር ላይ እንዲቆም ፈቅደው አያውቁም፤ የመጨረሻው ልጅ እስኪወሰድ አብረውት ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ይዘው የሚሄዱት ግን ብቻቸውን ነበር።

ወይዘሮ ወርቅዬ በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ድካም ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም ታወቀ። እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሽ እያጠራቸውም ቢሆን፣ እስከ ጥር 1982 ዓ.ም. ድረስ ከሥራቸው አልቀሩም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። አልጋ ከያዙ በኋላ እህታቸውና የእህታቸው ልጅ፣ በተለይም ወይዘሮ ገዲሴ ቱሉ ሳይለዩ አስታመዋቸዋል። ወይዘሮ ገዲሴ ሕፃናቱን ይዘው መጥተው ሊያሳዩዋቸው ፈልገው ነበር፤ እሳቸው ግን ከለከሉ።

«አታምጫቸው። የታመመ ሰው ያስፈራቸዋል።»

«ታዲያ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«ነገ ትመጣለች በያቸው።»

ወይዘሮ ገዲሴም እንደታዘዙት አደረጉ። ሕፃናቱ በየጠዋቱ ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም ነገ ይሏቸዋል። ፋሲካ ሲደርስ ወይዘሮ ወርቅዬ ትንሽ ተሽሏቸው ቀና ብለው በዓሉን ዋሉ። ከዚያ ግን ሕመሙ ጠናባቸው። ሰኞ ሚያዝያ 15 ቀን 1982 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው፣ መካኒሳ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ማክሰኞ ሚያዝያ 16 ቀን ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው በተገኙበት በብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ከኋላቸው ባለቤታቸው አቶ እንግዳ ወንድይራድ፣ እህታቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አስረስና የእህታቸው ልጅ ይገኛሉ። አቶ እንግዳ የሕመማቸውን መጥናት ሰምተው ከአሰብ ተነስተዋል፤ ደሴን ማለፋቸው በስልክ ታውቋል። ማረፋቸውን ግን አልሰሙም። መንገድ ላይ የሚነግራቸው ሰው አልተገኘም።

አፀደ ሕፃናቱ ዛሬም አልተዘጋም። እናቶቹ ሥራ ላይ ናቸውና እንዳይዘጋ አደራ ያሉት ራሳቸው ወይዘሮ ወርቅዬ ነበሩ። ወይዘሮ ገዲሴ ሕፃናቱን ቁርስ አብልተው፣ ለባልደረባቸው አስረክበው ነው ወደዚህ የመጡት። ሲወጡ ልጆቹ እንደ ወትሮው ጠይቀዋቸዋል። የሰጡትን መልስ ለማንም አልተናገሩም።

እናታቸው ሳያሳድጓቸው፣ ልጃቸውን ሳያሳድጉ፣ ቤት ሙሉ የሰው ልጅ ያሳደጉትን እህታችንን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማደሪያ ያግባልን። እዚያ ብቻቸውን አያስቀምጣቸው። ለባለቤታቸው መንገዱን ያቅናላቸው፤ ለሁላችንም ብርታቱን ይስጠን። አሜን።